ዋግ የበላው ምስር

ዔሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ መሸጡን እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳን «ይኼ ሰውዬ ምን ዓይነት ሆዳም ነው?» ብለን ሳንታዘበው አልቀረንም። ሁዳዴን እስከ መጨረሻው የጾመ ሰው ግን ትንሽ ይራራለታል። ምስር እኛ አገር እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ እህል አይደለም። ክኩ ወጥ ይሆናል፣ ድፍኑ ከሰናፍጭ ጋር አዚፋ ይሆናል፣ ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል፣ ሳምቡሳ ውስጥ ገብቶም በየመንገዱ ይሸጣል። ሥጋ መግዛት ያቃተው ቤት የልጆቹን ጉልበት የሚጠግነው በምስርና በወንድሞቹ ነው። ዋጋው የናረ ዕለት ነጋዴው ይሰደባል፣ ደላላው ይረገማል፣ መንግሥትም ድርሻውን ያገኛል።

ዋግን ግን ማንም አይሰድበውም። ከተሜው ጭራሽ አያውቀውማ! እህሉ በኩንታል ተጭኖ ከመምጣቱ በፊት ማሳ ላይ ምን እንደገጠመው የሚጠይቅ ሸማች የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ዋግ ማውራት የፈለግሁት። ዋግ የስንዴውን፣ የባቄላውን፣ የምስሩንም ቅጠል የዛገ ብረት አስመስሎ የሚያደርቅ በሽታ ነው። ታሪኩ ከሮም ይጀምራል፣ አየርላንድን ይነካል፣ ሌኒንግራድ ይደርሳል፣ ሐለብን ያልፍና ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ ይገባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከእኛው እንነሣ። ጊምቢቹ ከቢሾፍቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ከተማው ጨፌ ዶንሳ ይባላል። መሬቱ በክረምት ጫማ የሚያስወልቅ፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው እንዲህ ባለው መሬት ላይ ክረምቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ምስር ይዘራል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰብሉ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ምስር ለጊምቢቹ ገበሬ የጓሮ ነገር ሳይሆን የገንዘብ ሰብል ነው። ከጤፍና ከስንዴ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ ለልጅ ደብተርና ልብስ የሚገዛው በእሱ ነው።

በ1997 በዚህ አካባቢ የምስር ዋግ ተነሣ። ከ2,500 ሄክታር በላይ የሚሆን ማሳ ወደመ። በገበሬው ልኬት አሥር ሺህ ጥማድ ገደማ መሆኑ ነው። ማሳው ላይ የነበረው ከአባት ከአያት የመጣው ነባር ዘር ነበር። ማጭዱን ይዞ የሚገባበት ምክንያት ያጣ ገበሬ ብዙ ነው። ቁጥሩን ስናነበው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ምርቱን ያጣ ገበሬ የሚያጣው የዘንድሮን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የከርሞንም ዘር ነው። ዘሩን ከገበያ ወይም ከጎረቤት ለመግዛት ይነሣል፤ ጎረቤቱ ደግሞ እንደሱው ባዶ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ምስርን መተው፣ ወይ ሌላ ምስር መፈለግ።

ለመሆኑ ይህ ዋግ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? የሰው ልጅ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል።

የጥንት ሮማውያን ዋግን ሮቢጉስ የሚባል አምላክ የሚያመጣው ቁጣ አድርገው ያዩት ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ በእነሱ ቀን ኤፕሪል 25፣ ሮቢጋልያ የሚባል በዓል ያከብሩና ስንዴያቸውን እንዲምርላቸው ውሻ ይሠዉለት ነበር። ሮማውያንን እንሳቅባቸው ካልን ግን ቀስ ብለን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ዋግ በነቢያቱ አፍ ከድርቅና ከአንበጣ ጎን የሚጠራ መቅሠፍት ነው። የእኛም ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ምሕላ ቢይዝ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? በዓይኑ የሚያየው ቀይ ዱቄት እንጂ ዱቄቱን የሚሠራውን አይደለም።

የአውሮፓ ምሁራንም ቢሆኑ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ነገሩን ገልብጠው ነበር የሚያዩት። በታመመ ተክል ላይ ሻጋታ ሲያገኙ «በሽታው ነው ሻጋታውን የወለደው» ይሉ ነበር። በ1845 የአየርላንድ ድንች ማሳ ላይ ጠቁሮ ሲበሰብስ ክርክሩ ጦፈ። አንዳንዱ ዝናቡ ነው አለ፤ አንዳንዱ አየሩ ተመርዟል አለ። ማይልስ በርክሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ግን በማይክሮስኮፕ ያየውን ይዞ በ1846 «ሻጋታው ራሱ ነው ገዳዩ» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አልሰማውም። ክርክሩ ሳያልቅ አንድ ሚሊዮን ያህል አየርላንዳዊ በረሃብና በበሽታ አለቀ።

ነገሩን በማስረጃ የቋጨው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው። በ1861 ጤነኛ ድንች ላይ የሻጋታውን ዘር አሳርፎ በሽታውን ራሱ አመጣው፤ ሻጋታው ያልደረሰበት ድንች ደህና ሆኖ ቀረ። በቃ። መጀመሪያ ፍጡሩ፣ ቀጥሎ በሽታው። (የድንቹን ገዳይ የዛሬ ሳይንስ ከፈንገስ ወገን አውጥቶ ሌላ ዘመድ ሰጥቶታል፤ የደ ባሪ ትምህርት ግን አልተሻረም።) ደ ባሪ በዋግም ላይ ብዙ ሠርቷል። ዋግ የተክል ሕመም የወለደው እድፍ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ የሚበላ፣ የሚዋለድ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን ዓለም የተቀበለው ከእሱ ወዲህ ነው።

የአየርላንዱ ነገር ሌላም ትምህርት ጥሎ አልፏል። የድሃው አየርላንዳዊ ማሳ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች የተሸፈነ ነበር። ድንች የሚተከለው ደግሞ ከራሱ ከድንቹ ተቆርጦ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ማሳ የአንድ ተክል ቅጂ ነበር ማለት ይቻላል። አንዱን የገደለ ሁሉንም ገደለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ምስራችን እንመለስና ዋጉ እንዴት እንደሚገባ እንይ። ሌባን ለመያዝ መጀመሪያ በየት እንደገባ ማወቅ ነው።

የምስር ዋግ ባቄላንም ከሚያጠቃው ዋግ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ካለፈው ዓመት በቀረ ገለባና ቁርጥራጭ ላይ ያደፍጣል፤ ገለባው ከዘር ጋር ተቀላቅሎ ወደ አዲስ ማሳ ሊገባም ይችላል። አየሩ ደመናማና እርጥብ ሲሆን፣ ሙቀቱም ከ17 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ፋሲካው ደረሰ ማለት ነው። ሰብሉ አበባ ማውጣት ሲጀምር፣ ፍሬ ሊቋጥር ሲል ይነሣል። ጉምና ጤዛ ሲበዛ ዋግ ይመጣል የሚል ገበሬ አልተሳሳተም፤ ተሳሳተ ቢባል ጉሙን ራሱን ገዳይ ያደረገው ጊዜ ነው። ጉሙ በሩን ይከፍታል እንጂ አይሰርቅም።

ነፋስ ይዞት የመጣው ብናኝ፣ አንዱ ቅንጣት በዓይን የማይታይ፣ የምስር ቅጠል ላይ ያርፋል። ጤዛ ካገኘ ይበቅላል፤ ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ ቅጠሉ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ምን ፍለጋ? ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ በምን ያገኘዋል? በዳበሳ! በ1987 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህ ዋግ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የቦሎቄ ዋግ ጥቃቅን ጠርዞች በተቀረጹበት ሰው ሠራሽ ገጽ ላይ አበቀሉት። የጠርዙ ከፍታ የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ ገደማ፣ ማለትም የቅጠሉ ቀዳዳ ከንፈር ያህል ሲሆን፣ ክሩ እዚያ ቆመና መግቢያ መሥራት ጀመረ። ቅጠል የለም፣ ቀዳዳ የለም፤ እሱ ግን ከንፈሩን አገኘሁ ብሎ ተታሏል። ጠርዙ ከልኩ ሲያንስ ወይም ሲበልጥ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ማየት የተሳነው ሰው በበትሩ የቤቱን ደፍ እንደሚለየው ማለት ነው።

ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነው የዋግ ተንኮል ከሌሎቹ የሚለየው። አይገድልም፤ ቢያንስ ወዲያው አይገድልም። የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳና መምጠጫውን ይሰካል፤ ተክሉ ለፍሬው ያዘጋጀውን ስኳር እየሳበ ይኖራል። የጀርመን ሳይንቲስቶች በ2001 በዚሁ በባቄላና በምስር ዋግ መምጠጫ ላይ ስኳሩን የሚያሻግረውን ፕሮቲን ለይተው አሳይተዋል። ከዚያ በኋላም ዋጉ የራሱን ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሕዋስ ውስጥ እንደሚያስገባ ታይቷል። የቤቱን ሰው ሳይገድል ቤቱን የሚያስተዳድር እንግዳ አስቡ። ሰውዬው ይሠራል፣ እንግዳው ይበላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቅጠሉ ቆዳ ይፈነዳል፣ ቡናማ ዱቄት ይወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። አንድ ቁስል የሚያወጣው ብናኝ የትየለሌ ነው። አሥር ሺህ ጥማድ በአንድ ወቅት እንዴት ሊወድም እንደሚችል አሁን የገባችሁ ይመስለኛል።

ታዲያ ምስር ዝም ብሎ ነው የሚበላው? አይደለም። ተክል ሮጦ አያመልጥም፣ ዱላ አያነሣም፤ መዋጋቱን ግን ያውቅበታል። የመጀመሪያው መከላከያ ግድግዳው ነው፤ የቅጠሉ ሰም፣ የሕዋሱ ቆዳ። አብዛኛው ሻጋታ እዚያው ይቀራል። ግድግዳውን ያለፈውን ደግሞ የሚጠብቁ ዘበኞች በየሕዋሱ አሉ። ዘበኛው የጠላትን ምልክት ካወቀ የሚሰጠው ትእዛዝ አስደንጋጭ ነው፦ ሕዋሱ ራሱን ይገድላል። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ካለ ሕዋስ ስኳር እየመጠጠ ነው ብለናል። ሕዋሱ ሲሞት መምጠጫው ባዶ ጎተራ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ቅጠሉ ላይ የምትታየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት፤ ዋጉ በረሃብ ሞቷል። እንግሊዛዊው ማርሻል ዋርድ ይህንን በ1902 አስተዋለ፤ አሜሪካዊው ስታክማን በ1915 ስም አወጣለት። ጥቂቶች ሞተው ብዙኃኑን ያድናሉ። የጦር ሜዳ ታሪክ ብቻ የሚመስለን ነገር በምስር ቅጠል ላይም አለ።

ይህ ዘዴ ግን ለሁሉም አይሠራም። ምስርን ሌሎች ፈንገሶችም ያሳድዱታል። አስኮካይታ የሚባለው ቅጠሉንና ግንዱን በነጠብጣብ እየበላ የሞተ ሕዋስ ላይ ይፋፋል፤ ለእሱ የሕዋስ ራስን መግደል ድግስ ነው። ፉዛሪየም የሚባለው ደግሞ ከአፈር በሥር በኩል ገብቶ የውኃ መተላለፊያውን ይዘጋና ተክሉን በቁሙ ያጠወልገዋል። ስለዚህ «በሽታ የሚቋቋም ምስር» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን በሽታ?» መሆን አለበት። አንዱን ሌባ የሚያውቅ ዘበኛ ሌላውን በክብር ሊያስገባው ይችላል።

ዘበኝነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑን በ1905 በስንዴ ያሳየው የካምብሪጁ ሮላንድ ቢፈን ነው። ነገሩን እስከ ሥሩ የቆፈረው ግን ሃሮልድ ፍሎር ነው። በሰሜን ዳኮታ ተቀምጦ ለዓመታት ተልባንና የተልባን ዋግ ሲያዳቅል ኖረ። በ1940ዎቹ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነበር፦ ተክሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የዘበኝነት ዘረ መል፣ ዋጉ ውስጥ ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ ዘረ መል አለ። በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ዘበኛው የሚያውቀው አንድ መልክ ነው። ሌባው መልኩን ከቀየረ፣ ለምሳሌ ጢሙን ከተላጨ፣ ዘበኛው «ደህና አመሹ ጌታዬ» ብሎ በር ይከፍትለታል። ዋግ ደግሞ በአንድ ወቅት ቁጥር ስፍር የሌለው ልጅ ስለሚወልድ፣ ከመሃላቸው አንዱ ጢሙን የተላጨ ሆኖ ይወለዳል። ያ አንዱ ይበቃል።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መቋቋም አንዴ ተገዝቶ ለዘላለም የሚቀመጥ ንብረት አይደለም። ብድር ነው። የሚመለስበት ቀን አልተጻፈም እንጂ ይመለሳል። ያኔ አዲስ ዘበኛ መፈለግ ግድ ይሆናል። ከየት?

ይህን «ከየት?» የሚል ጥያቄ ከማንም በላይ ያነሣው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ሥራውን የጀመረው በተክሎች በሽታ የመቋቋም ጥናት ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰብል ለሺህ ዓመታት ከበሽታው ጋር ሲታገል በኖረበት አገር ዘበኛውም እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ዓለምን እየዞረ ዘር ሰበሰበ። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፣ ፈቃድም ሰጡት፤ እሱም እስከ 1927 ድረስ በበቅሎ እየዞረ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጥራጥሬውን ለቀመ። ባየው የዓይነት ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች ተርታ አስቀመጣት።

ከተሰበሰበው ውስጥ ምስሩን የመረመረችው ባለቤቱ ኤሌና ባሩሊና ነበረች። በ1930 ያሳተመችው ሥራ ስለ ዓለም ምስሮች ከተጻፉት ሁሉ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። የኢትዮጵያን ምስር ከሌላው የተለየ፣ ራሱን የቻለ ቡድን አድርጋ የመደበችውም እሷ ናት። የእነዚህ ሰዎች መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ የዓለምን ረሃብ ለማጥፋት ዘር የሰበሰበው ሰው በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። ባሩሊና በዚያው ጊዜ በዚያችው ከተማ በስደት ትኖር ነበር፤ ባሏ እዚያው መሆኑን አታውቅም። በተከበበችው ሌኒንግራድ ደግሞ የተቋሙ ሠራተኞች የዘር ከረጢት መሃል ተቀምጠው በረሃብ ሲያልቁ ከዘሩ አልበሉም። ዘር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው እንዲህ ነው።

እኛ ለዓለም ከሰጠነው አንዱን ልንገራችሁ። የጀርመን አሳሾች በ1937ና በ1938 ከኢትዮጵያ የወሰዷቸው የገብስ ዘሮች ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ አመዳይ የሚባለውን የገብስ በሽታ ፈጽሞ የማያስጠጉ ተገኙ። ምሥጢሩ የሚገርም ነው። ጎበዝ ዘበኛ ስላላቸው አይደለም፤ ፈንገሱ ለመግባት የሚረግጠው ደረጃ ከቤቱ ስለጠፋ ነው። ደረጃ የሌለው ቤት ላይ ጢም መላጨት አይረዳም። ይህ ዘረ መል ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ፣ ሌሎች መከላከያዎች በጥቂት ዓመታት ሲከሽፉ እሱ ለአሥርት ዓመታት ጸንቷል። አውሮፓዊው የሚጠጣው ቢራ ውስጥ የኛ አያቶች እጅ አለበት ማለት ነው። ያንን ገብስ ለይቶ ያቆየው ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ደጋ ላይ የሚያርስ ገበሬ ነበር።

ይሁንና በዚህ ብቻ ደረታችንን ነፍተን እንዳንቀር ጊምቢቹ ፊታችን ቆሟል። እዚያ የወደመው ነባሩ የእኛው ዘር ነበር፤ መድኃኒቱ ደግሞ የመጣው ከውጭ ነው። በሶሪያ ሐለብ አጠገብ በ1977 የተቋቋመው የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ፣ ከብዙ አገር የሰበሰበውን ምስር ሲያዳቅል ቆይቶ ለአገሮች ያከፋፍል ነበር። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከዚያ የመጡትን በእኛ አፈርና በእኛ ዋግ ፈተኗቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ላይ አድአ እና አለማያ የሚባሉ ዋግን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው ተለቀቁ። በተለይ አለማያ በዋግ በተመቱት ወረዳዎች ተሠራጨ፤ ከምስር ሊለያይ የነበረው ገበሬም ወደ ምስሩ ተመለሰ። ገብሱን ሰጠን፣ ምስሩን ተቀበልን። የዘር ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ አገር ብቻውን ጎተራውን አይሞላም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! ግን ብድር ነው ብለናል።

አውስትራሊያውያን በ2006 ኒፐር የሚባል አስኮካይታን የሚቋቋም ምስር ለቀቁ። ገበሬው ወደደው፣ ደጋግሞ ዘራው፣ ሰፊ አካባቢ ሸፈነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በደቡብ አውስትራሊያ ፈንገሱ መልኩን ቀይሮ መጣና ኒፐር ተሸነፈ። ሩቅ አገር ነው ካላችሁ የእኛን ስንዴ እዩ። በ2010 ቢጫ ዋግ አገሪቱን አዳርሶ ኩብሳ የሚባለውን ተወዳጅ ዝርያ መታው። ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋማልና። በ2013 ደግሞ ሌላ ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ በአዲስ ዘር መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠፋው። ሦስት ዓመት! ከአንዱ ሸሽተን ከሌላው ተላተምን፤ ምክንያቱም የሸሸነው ሁላችንም ወደ አንድ በር ነበር። ያዙልኝ ያልኳችሁ የአየርላንድ ድንች ትዝ ይበላችሁ።

ትልቁ ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይከተላል። ጥሩ ዝርያ ሲመጣ ነባሩ ዘር ይጣላል። ገበሬውን ማን ይወቅሰዋል? በዋግ የሚቃጠለውን ትቶ የማይቃጠለውን መዝራቱ አእምሮ ያለው ሰው የሚያደርገው ነው። ነገር ግን በዚያ በተጣለው፣ ተቀላቅሎ በሚዘራው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ቀይ አንዱ ግራጫ በሆነው ነባር ዘር ውስጥ የነገው ዘበኛ ሊኖር ይችላል። ጊምቢቹ ላይ ለዋግ እጅ የሰጠው ምስር ለሌላ በሽታ፣ ለሌላ ድርቅ፣ ለሌላ ዘመን መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ራሱ የሚቀጥለው መድኃኒት የሚቀመምበትን ሥር ይነቅላል። በዘር ጉዳይ ከዚህ የከፋ ወጥመድ አላውቅም። ክፉ ሰው ያጠመደውም አይደለም፤ ሁሉም ሰው ትክክለኛውን ነገር በማድረጉ የተጠመደ ነው።

ከወጥመዱ መውጫው አይታወቅም እንዳይባል፣ ይታወቃል። አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1976 ነው፤ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መሠረት እሱ ነው። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬው ማሳ ላይም እየተዘራ መቆየት አለበት ብለው ተከራከሩ፤ በተግባርም አሳዩ። በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ነገራቸው ምክንያት ነበረው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ዋጉ ከተለወጠ በኋላም እንዳለ ነው፤ ማሳ ላይ ያለው ግን ከዋጉ ጋር እኩል እየታገለ ይለወጣል።

ማቀዝቀዣም ቢሆን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሶሪያ በጦርነት ስትታመስ የኢካርዳ ሰዎች የሐለብን ጣቢያ ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ደግነቱ የዘሩን ቅጂ አስቀድመው በ2008 በተከፈተው የሰሜን ዋልታው የስቫልባርድ የዘር ጎተራ አስቀምጠው ነበር። በ2015 ከዚያ ጎተራ የተቀመጠ ዘር ሲወጣ የመጀመሪያው ሆነ፤ ዘሩም በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ተዘርቶ በዛ። ለጊምቢቹ የደረሰው ምስር የመጣበት ቤት ቅጂ ባይኖረው ኖሮ፣ የመድፍ ድምፅ የሰው ልጅን የብዙ ዓመት ጎተራ ይዞ በሄደ ነበር።

የቀረው በየማሳው የሚሠራው ነው። ሁሉም በአንድ በር እንዳይሸሽ ከአንድ በላይ ዝርያ በየአካባቢው መዝራት። ምስርን በምስር ላይ አለመድገም። ዋግ ያደረበትን ገለባ ማሳ ላይ አለመተው፤ ዘርን አበጥሮ ከቁርጥራጭ ማጽዳት። ተመራማሪው ዛሬ ያለው ዝርያ ሳይወድቅ የሚቀጥለውን እንዲያዘጋጅ በጀት መስጠት። ከነባሩም ዘር ጥቂት መስመር በየዓመቱ የሚዘራ ገበሬ ቢገኝ፣ ለዚያ ገበሬ ማመስገን ብቻ ሳይሆን መክፈል። ባንክ ገንዘብ ላስቀመጠ ወለድ ይከፍላል፤ ለአገር ዘር ላስቀመጠ ሰው የሚከፍል ግን ብዙም አናይም።

ዔሳው ያጣው ብኩርናውን ነው፤ ወጡን ግን በልቷል። እኛ ደግሞ ምስሩን ለማትረፍ ብለን የምስሩን ብኩርና፣ ያንን የተቀላቀለ የአያቶቻችንን ዘር እንዳንሸጠው ነው ፍርሃቴ። ዋግ እንደሆነ አይቸኩልም። ከሮማውያን መሥዋዕት በፊትም ነበረ፣ ከእኛም ምርምር በኋላ ይኖራል። የሚፈልገው ጤዛና ደመና ነው፤ ሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚያገኝበትን ዓመትም ይጠብቃል።